የነባርና የዘመናዊ ጠመንጃና ሽጉጥ ምርጫ በጎጃም

የነባርና የዘመናዊ ጠመንጃና ሽጉጥ ምርጫ በጎጃም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች የጦር መሣሪያ ያለው ሰው በአሮጌውና በአዲሱ ሥሪት መካከል የሚያደርገውን ምርጫ፣ የምርጫውን ምክንያትና ታሪካዊ አመጣጡን የሚመለከት ርዕስ ነው። በአካባቢው «ነባር» የሚባሉት እንደ ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ ያሉ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ወደ አገር የገቡ ጠመንጃዎች ናቸው። «ዘመናዊ» የሚባሉት ደግሞ በዋናነት ክላሽንኮቭና ከእርሱ ጋር ወይም ከእርሱ በኋላ የመጡ መሣሪያዎች ናቸው። በሽጉጥ በኩልም ተመሳሳይ ክፍፍል አለ። የብረት ሥሪት የሆኑት የብራውኒንግ፣ የቤሬታና የማካሮቭ ዓይነቶች በአንድ ወገን፣ የፕላስቲክ አካል ያላቸው አዳዲስ ሥሪቶች በሌላ ወገን ይቆማሉ።

ምርጫው በመሣሪያው የመተኮስ ችሎታ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የጥይት መገኘት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ የአየር ንብረቱ፣ የቤተሰብ ውርስ፣ ክብርና ሕግ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

የስያሜዎች አመጣጥ

በአማርኛ ለጦር መሣሪያ ከተሰጡት ስሞች ብዙዎቹ የመጡበትን አገር ወይም ፋብሪካ ይናገራሉ።

ነፍጥ፦ ለተኳሽ መሣሪያ የተሰጠ የቆየ ስም ነው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ነው፤ በመጀመሪያ ትርጉሙ ነፍጥ የያዘ ወታደር ማለት ነበር።

ጠመንጃ (ጠበንጃ)፦ ከቱርክኛው «ታባንጃ» በዐረብኛ በኩል እንደመጣ ይነገራል። በቱርክኛ ቃሉ ሽጉጥ ማለት ሲሆን በአማርኛ ለረጅሙ መሣሪያ ሆኗል።

ሽጉጥ፦ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በመታጠቂያ ወይም በልብስ ውስጥ የሚሸጎጥ መሆኑን ያመለክታል።

ሰናድር፦ ከእንግሊዙ ስናይደር ጠመንጃ የመጣ ስም ነው።

ውጅግራ፦ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው፤ «ፊዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» የሠሪው ስም ነው።

ምንሽር፦ ከኦስትሪያው ማንሊኸር የተወሰደ ነው።

ቤልጅግ፦ በቤልጅየም የተሠራውን የማውዘር ዓይነት ጠመንጃ ያመለክታል።

ክላሽ፦ የክላሽንኮቭ ማሳጠሪያ ነው።

መሣሪያ በሚይዘው የጥይት ብዛትም ይጠራል። «ጎረሰ» ከሚለው ግሥ በመነሣት አንድ ጥይት ብቻ የሚይዘው «አንድ ጎራሽ»፣ አርባ የሚይዘው ደግሞ «አርባ ጎራሽ» ይባላል። ይህ አጠራር የነባርና የዘመናዊ ልዩነትን ከማንኛውም ቴክኒካዊ ገለጻ በበለጠ በአጭሩ ያሳያል።

ታሪክ

ከነፍጥ እስከ ውጅግራ

ተኳሽ መሣሪያ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ጉልህ ሚና መጫወት የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጥ ይዘው ምጽዋ ላይ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ክፍለ ዘመናት በእሳት ክር የሚለኮሰው ነፍጥ በመሳፍንትና በጭፍሮቻቸው እጅ ብቻ ቆየ። ለመሙላት ጊዜ የሚፈጅና በዝናብ ወቅት የሚያስቸግር በመሆኑ ጦርና ጋሻን ሙሉ በሙሉ አልተካም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በአፈሙዝ በኩል የሚሞላው መሣሪያ ከኋላ በሚሞላው ሲተካ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሰናድር የታጠቀ ነበር፤ መሣሪያው ከኋላ ስለሚሞላ የተኩሱ ፍጥነት ከቀድሞዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ መኳንንት አዲሱን ዓይነት ለማግኘት ተሽቀዳደሙ።

ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መንቆረር (የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ) መናገሻቸው ነበረች። በቀጣዩ ዓመት በሰኔ 1882 እ.ኤ.አ. (1874 ዓ.ም.) በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ በሁለቱም ወገን ጠመንጃ የያዙ ተዋጊዎች ነበሩ። የጎጃም ጦር በየካቲት 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት በንጉሡ መሪነት ተሰልፏል።

በዚያ ዘመን በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው ይህ መሣሪያ 11 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩስ አንድ ጎራሽ ነው። ፈረንሳይ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለበል ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌዎቹ ውጅግራዎች ለገበያ ወጡ፤ በርካቶቹም በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል ኢትዮጵያ ደረሱ። በሌላ አነጋገር ዛሬ «ነባር» የሚባለው መሣሪያ ወደ አገር በገባበት ጊዜም በአውሮፓ ነባር ሆኖ ነበር።

ምንሽርና ቤልጅግ

ምንሽር በኦስትሪያ ሽታየር ከተማ የተሠራ ጠመንጃ ነው። ሁለት ነገሮች ከውጅግራ ይለዩታል። አንደኛ፣ አምስት ጥይት በአንድ የብረት መያዣ ታስሮ በአንድ ጊዜ ይጎርሳል። ሁለተኛ፣ መቀርቀሪያው መጠምዘዝ ሳያስፈልገው ቀጥታ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሳባል። የጥይቱ መያዣ ከጠፋ ግን ጠመንጃው በተግባር ወደ አንድ ጎራሽነት ይመለሳል።

ቤልጅግ የሚባለው በቤልጅየም ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራው የማውዘር ዓይነት ነው። 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል፤ አምስት ጎራሽ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ክብር ዘበኛን በአዲስ መልክ ሲያደራጁ የቤልጅየም መኮንኖች በአሠልጣኝነት መጥተው ነበር፤ የቤልጅየም ጠመንጃም ከእነርሱ ጋር ታወቀ። የመንግሥቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ቤልጅጎች በአገር ውስጥም በውጭም ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዛሬም ይፈለጋሉ።

የአርበኞች ዘመን

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጎጃም ከፋሽስት ጣልያን ጋር ጠንካራ ትግል ከተደረገባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። እንደ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች ጦራቸውን ያስታጠቁት ከቤት በወጣ ነባር ጠመንጃና ከጠላት በተማረከ መሣሪያ ነው። የጣልያን እግረኛ ጦር ዋና ጠመንጃ 6.5 ሚሊሜትር የሚተኩሰው ስድስት ጎራሽ ካርካኖ ነበር።

የአርበኝነት ዘመን በመሣሪያ ምርጫ ላይ ዘላቂ ትምህርት ጥሏል። የተማረከ መሣሪያ ከጥይቱ ጋር ይማረካል፤ ከጠላት ጋር አንድ ዓይነት ጠመንጃ የያዘ ተዋጊ የጠላትን ስንቅ የራሱ ማድረግ ይችላል። በተቃራኒው የቱንም ያህል የተወደደ የአባት ውጅግራ ጥይቱ ካለቀ ሥራውን ያቆማል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጌድዮን ኃይል ተብሎ የሚታወቀው ጦርና አርበኞች ደብረ ማርቆስን ከያዙ በኋላ ብዙ የጣልያን መሣሪያ በገበሬው እጅ ቀረ።

ጋራንድ፣ ሲሞኖቭና ክላሽ

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። በዚህም ኤም ዋን ጋራንድ የተባለው ስምንት ጎራሽ ጠመንጃ የጦሩ መሣሪያ ሆነ፤ መቀርቀሪያው በየተኩሱ በእጅ መሳብ አያስፈልገውም። የቃኘው ሻለቃም በኮሪያ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች አመፅ ዋና መንስኤ የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። ከቅሬታዎቹ አንዱ ግን የጦር መሣሪያ ምዝገባ ነው፤ ገበሬው ምዝገባውን የትጥቅ ማስፈታት መጀመሪያ አድርጎ ተመልክቶታል። ለጎጃም ባለ ርስት ጠመንጃና መሬት የማይነጣጠሉ የነፃነት ምልክቶች ስለነበሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መንካቱ ቁጣውን አባብሷል።

ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ሲሞኖቭ (አሥር ጎራሽ) እና ክላሽንኮቭ (ሠላሳ ጎራሽ) በብዛት ገቡ። ሁለቱም 7.62 በ39 ሚሊሜትር የሆነውን አንድ ዓይነት ጥይት ይተኩሳሉ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ክላሽም ከካምፕ ወጥቶ በየገጠሩ ተዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ክላሽ በጎጃም ገጠር ዋናው ተፈላጊ መሣሪያ ሆነ። «አርባ ጎራሽ» የሚባለው ክላሽ በአብዛኛው የአርፒኬ መትረየስን ባለ 40 ጥይት ካዝና የገጠመ ነው፤ የሁለቱ ካዝና እርስ በርሱ ይገጥማል።

የምርጫ መመዘኛዎች

ርቀትና የመሬት አቀማመጥ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን የጮቄ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በስተደቡብና በስተምሥራቅ የዓባይ በረሃ ሸለቆ አለ። ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው በሚታይበት ሜዳማና ገደላማ አገር ረጅም ርቀት የሚደርስ ጥይት ዋጋ አለው። የቤልጅግ 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ከክላሽ ጥይት የበለጠ ባሩድ የሚይዝና ኃይሉን እስከ ሩቅ የሚጠብቅ ነው። ክላሽ በአንፃሩ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው እስከ 300 ወይም 400 ሜትር ባለው ርቀት ነው። ዒላማ አስተካክሎ አንድ ጥይት መተኮስ የለመዱ ሰዎች ቤልጅግን የሚያወድሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነት፦ በውጅግራ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን ከፍቶ ቀለሁን ማውጣትና አዲስ ጥይት በእጅ ማጉረስ ያስፈልጋል። ክላሽ በተከታታይ ሲተኮስ በደቂቃ 600 ጥይት በሚሆን ፍጥነት ስለሚሠራ የሠላሳ ጥይት ካዝና በሦስት ሰከንድ ያልቃል። ይህ ፍጥነት ለባለመሣሪያው ጥቅምም ወጪም ነው።

የጥይት መገኘት፦ በተግባር ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው። የክላሽ ጥይት በአገር ውስጥም በጎረቤት አገሮችም የተለመደ ነው። የውጅግራ፣ የምንሽርና የካርካኖ ጥይት ግን እየጠፋ ሄዷል። የቆየ ጥይት ሳይተኩስ ሊከሽፍ ወይም ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ለተኳሹም አደገኛ ነው።

ጭስ፦ ውጅግራ ጥቁር ባሩድ ስለሚጠቀም ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ተኳሹ የት እንዳለ ያሳብቃል። ምንሽርና ቤልጅግ ጭስ አልባ ባሩድ በመጠቀማቸው ይህ ችግር የላቸውም። የጥቁር ባሩድ ቅሪት እርጥበት ስለሚስብ አፈሙዙ ቶሎ ካልታጠበ ይዝጋል።

ክረምትና ጥገና፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብና ጉም የብረት ክፍል ይዝጋል፤ የእንጨት ሰደፍ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። የክላሽ አፈሙዝ ውስጠኛ ግድግዳ በክሮም የተለበጠ መሆኑና ክፍሎቹ ሰፋ ባለ ክፍተት መሠራታቸው ጭቃንና ቸልተኝነትን እንዲችል አድርጎታል። ነባሮቹ ይበልጥ ክትትል ይፈልጋሉ፤ ጥሩ እጅ ካገኙ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም የሚሠሩ አሉ።

ክብርና ውርስ፦ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጠመንጃ የቤተሰቡ የታሪክ ማስረጃ ነው። በየትኛው ዘመቻ እንደተገኘ፣ ማን እንደያዘው ይነገራል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መሸጥ እንደ ርስት መሸጥ የሚቆጠርበት ቤት አለ። አዲስ ክላሽ የገዛ ሰው የአባቱን ምንሽር በቤት ሰቅሎ የሚያቆየውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለስም ይቀመጣል።

ሽጉጥ

በገጠር ጎጃም ሽጉጥ የጠመንጃን ያህል ቦታ አልነበረውም። ጠመንጃ በትከሻ ተነግቶ በገበያና በድግስ ለሁሉም የሚታይ የጎልማሳነት ምልክት ነው። ሽጉጥ ግን ስሙ እንደሚለው የሚሸጎጥ በመሆኑ ይበልጥ ከባለ ሥልጣን፣ ከመኮንን፣ ከነጋዴና ከከተማ ሰው ጋር የተያያዘ ነው። የሽጉጥ ምርጫ በሚከተሉት ዋና ዋና ዓይነቶች መካከል ይደረጋል።

ሪቮልቨር፦ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ጎማ መሰል ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ናቸው። የሩሲያው ናጋንት ሰባት ይይዛል። አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ቀጣዩን ያመጣል። ሞልቶ ለመጨረስ ግን ጊዜ ይፈጃል።

ብራውኒንግ፦ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የነደፋቸው ሽጉጦች የጋራ መጠሪያ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኮልት ሰባት ጎራሽ ሲሆን ክብደቱ 1.1 ኪሎግራም ገደማ ነው። ብራውኒንግ ጀምሮት በሞቱ ያቋረጠውንና ቤልጅየማዊው ዲዮዶኔ ሴቭ የፈጸመውን ባለ 13 ጥይት ሽጉጥ ኤፍ ኤን በ1935 እ.ኤ.አ. አወጣው። የቤልጅግ ጠመንጃም ሆነ ይህ ሽጉጥ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው።

ቤሬታ 1934፦ የጣልያን መኮንኖች ሽጉጥ ነበር። ሰባት ጎራሽ፣ አጭርና ቀላል ነው።

ቶካሬቭና ማካሮቭ፦ ሁለቱም የሶቪየት ሥሪትና ስምንት ጎራሽ ናቸው። በ1951 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ማካሮቭ 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የክፍሎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ለመፍታትና ለማጽዳት አያስቸግርም። በኢትዮጵያ ስሙ በስፋት ከሚታወቅ ሽጉጥ አንዱ ነው።

ግሎክና መሰሎቹ፦ በ1982 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው ግሎክ 17 አካሉ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ 17 ጥይት የሚይዝና ያለ ጥይት ከ650 ግራም በታች የሚመዝን ነው። ምንሽርን የሠራችው ኦስትሪያ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የአዲሱን ዘመን ሽጉጥም አስተዋወቀች።

ነባሩን የሚመርጡ ሰዎች የሚያነሷቸው ምክንያቶች ከሞላ ጎደል በመላው ዓለም ተመሳሳይ ናቸው። የብረት ክብደት የተኩሱን ግፊት ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚታይ መምቻና በእጅ የሚዘጋ የደህንነት መቆለፊያ መሣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በዓይን ለማወቅ ያስችላል፤ የአሠራሩ ጥራትም ዓይን ይስባል። አዲሱን የሚመርጡት ቀላልነቱን፣ የጥይቱን ብዛትና ዝገት የማይነካው አካሉን ያስቀድማሉ። ግሎክ በእጅ የሚዘጋ የውጭ መቆለፊያ የለውም፤ መከላከያው ቃታው ላይና በውስጥ ክፍሎቹ ነው። ስለዚህ ጣት ከቃታ ማራቅንና ተስማሚ አፎት መጠቀምን ያለ ማቋረጥ ይጠይቃል። በአሮጌው የለመደ እጅ ወደ አዲሱ ሲዛወር አደጋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ልዩነት ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፖሊስ በተደጋጋሚ እንደገለጸው በቱርክ የተሠሩ ሽጉጦች በሕገ ወጥ መንገድ ወደ አገር ሲገቡ ተይዘዋል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት መሰል ሽጉጦች ከፊሎቹ በመጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ የተለወጡ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ዘመናዊ ይመስላሉ፤ አፈሙዛቸው ግን የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል ባለመሠራቱ በተኳሹ እጅ ሊፈነዱ ይችላሉ። በዚህ ረገድ «አዲስ» ማለት «የተሻለ» ማለት አይደለም።

ማኅበራዊ ገጽታ

በጎጃም ጠመንጃ ከፉከራ፣ ከቀረርቶ፣ ከሠርግና ከለቅሶ ጋር የተያያዘ ነው። የታወቀ ሰው ሲቀበር ወይም ሙሽራ ሲመጣ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ሰው ሊያቆስል ወይም ሊገድል ይችላል። አንድ ጎራሽ በነበረበት ጊዜ በድግስ ላይ የሚተኮሰው ጥይት ጥቂት ነበር፤ በክላሽ ግን ቁጥሩ ያለ ልክ ይጨምራል።

የመሣሪያው መለወጥ ደም መመለስ በሚባለው የቂም በቀል ልማድ ላይም ለውጥ አምጥቷል። በአንድ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል ጊዜ በነበረበት ዘመን የታሰበው ሰው ብቻ ላይ ይተኮስ ነበር፤ በተከታታይ የሚተኩስ መሣሪያ ግን በአጠገቡ ያሉትንም ይመታል። ከአንድ ሞት ይልቅ ብዙ ሞት ሲኖር የሽማግሌዎች ዕርቅና የጉማ ክፍያ ይወሳሰባል።

የወጪው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ለመሣሪያ ሲል በሬ የሸጠ ገበሬ የሚያርስበትን አጥቶ ከሰው ጋር ለመቀናጀት ወይም መሬቱን ለእኩል ለመስጠት ይገደዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ተጎጂ ከሆኑት ቦታዎች መካከል በመሆናቸው፣ መሣሪያ መያዝም አለመያዝም ለብዙ ቤተሰብ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኗል።

ሕግ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ ማዘዋወርና መነገድ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ይከለክላል፤ የተቆጣጣሪነቱን ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል። ከአዋጁ በፊት በልማድ መሣሪያ ሲያዝባቸው የነበሩ አካባቢዎችን ሁኔታም ከግምት ያስገባል። ነባር መሆን ከፈቃድ ነፃ አያደርግም፤ ጥይት የሚተኩስ ውጅግራም እንደ ክላሽ የጦር መሣሪያ ነው።

በሌላ በኩል ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ ይደረግላቸዋል። ከአድዋ ወይም ከአርበኝነት ዘመን የቆየ ጠመንጃ በተለይ የባለቤቱ ስምና የዘመቻው ታሪክ አብሮት ሲመዘገብ ለታሪክ ጥናት ጠቃሚ ማስረጃ ይሆናል። ታሪኩ በቃል ብቻ ከቀረ ግን ባለቤቱ ሲያልፍ ጠመንጃው ከማንኛውም አሮጌ ብረት የሚለይበት ነገር አይኖረውም።